ሰውን እንደ ባዳ የሚቆጥር የአካባቢ ጥበቃ፦ ከጅማ የቀረበ ጥያቄና የተሰጡት ምላሾች

የመነሻ ጽሑፍ

የምኖረው ጅማ ነው። ሥራዬ የጎማና የጌራ ወረዳ ቡና አምራች ማኅበራትን ከገዢ ጋር ማገናኘት ስለሆነ፣ ደን ሲመነጠር ቡናውም አብሮ እንደሚጠፋ በዓይኔ የማየው ነገር ነው፤ ከስብሰባ የሰማሁት አይደለም። ስለዚህ ከዚህ በታች የሚያነብ ሰው፣ ጸሐፊው ለዛፍ ደንታ የለውም ብሎ እንዳይጀምር አደራ እላለሁ። ዓመታቱን በሙሉ የጻፍኩት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

በአካባቢ ጥበቃ ስም ከሚናገሩት መካከል መልሱን ከጥያቄው በፊት ያዘጋጀ ጽንፈኛ ወገን አለ። ግድብ ይሠራ ሲባል አይሆንም ይላል፤ ማዳበሪያ፣ በዘረ መል ምህንድስና የተሻሻለ ዘር፣ የኑክሌር ኃይል ሲባልም አይሆንም ይላል። የቦታው ሁኔታ፣ የሰዉ ችግር፣ የሌላው አማራጭ ጉዳት ምንም ይሁን ምን መልሱ አይለወጥም። ጀርመን የመጨረሻዎቹን ሦስት የኑክሌር ማመንጫዎች በኤፕሪል 2023 ስትዘጋ ገና ከድንጋይ ከሰል አልተላቀቀችም ነበር፤ የአየር ንብረት ለውጥ ከሁሉ የከፋ አደጋ ነው የሚል ሰው ከሰሉን አስቀድሞ ይዘጋ ነበር።

የዚህ አስተሳሰብ ሥር ጥልቅ ነው። ኖርዌያዊው ፈላስፋ አርነ ኔስ በ1973 የጀመረው፣ በ1984 ከጆርጅ ሴሽንስ ጋር በስምንት ነጥቦች ያዘጋጀው መርህ፣ ከሰው ውጭ ያለው ሕይወት እንዲያብብ የሰው ቁጥር መቀነስ እንዳለበት በግልጽ ያስቀምጣል። በዚሁ መንፈስ በ1980 አሜሪካ ውስጥ ከተቋቋመው የአርዝ ፈርስት ንቅናቄ መሥራቾች አንዱ የሆነው ዴቭ ፎርማን፣ በ1980ዎቹ አጋማሽ ለአንድ የአውስትራሊያ መጽሔት በሰጠው ቃለ ምልልስ፣ ለኢትዮጵያ ዕርዳታ መስጠት የከፋው ምርጫ እንደሆነና ተፈጥሮ ራሷ ሚዛኗን እንድትጠብቅ ሕዝቡን ለረሃብ መተው እንደሚሻል ተናግሯል። ይህ የተባለው በኛ አቆጣጠር በ77ቱ ድርቅ ስለረገፉት ወገኖቻችን ነው። አንድ ኢትዮጵያዊ በዓመት በአማካይ የሚለቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ0.2 ቶን በታች ሲሆን አንድ አሜሪካዊ ከ13 ቶን በላይ ይለቃል፤ ሆኖም ከምድር ላይ እንዲቀንስ የተፈረደበት የመጀመሪያው ሰው የኛ ገበሬ ሆነ።

ስለዚህ የምጠይቀው ይህን ነው። በአካባቢ ጥበቃ ስም ከሚቀርቡልን ግዴታዎች የትኛው በማስረጃ የቆመ፣ የትኛው ርዕዮተ ዓለም ብቻ የሚገፋው እንደሆነ እንዴት እንለይ? ገበያውና ዕርዳታው ከግዴታው ጋር ተያይዞ ሲመጣስ ምን ብለን እንመልስ?

ምላሾቹ ስለበዙ፣ ዘግይተው ለሚገቡ አንባቢዎች እንዲመች የእያንዳንዱን ፍሬ ነገር በተራ ቁጥሩ አስፍሬዋለሁ።

ምላሽ 1

የመጀመሪያው መላሽ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። በትሕትና ካመሰገነ በኋላ፣ ይህ ቅሬታ የኛ ብቻ እንዳልሆነ ለማሳየት ሕንዳዊውን የታሪክ ምሁር ራማቻንድራ ጉሃን ጠቀሰ። ጉሃ በ1989 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ሰው ያልነካው ዱር የሚለው የአሜሪካ አስተሳሰብ ሕዝብ በሰፈረባቸው ድሃ አገሮች ሲተከል ሀብትን ከድሃው ወደ ሀብታሙ እንደሚያሸጋግር ሞግቷል፤ ምሳሌውም በ1973 የተጀመረውና የመንደር ነዋሪዎችን ያፈናቀለው የሕንድ የነብር ጥበቃ ፕሮጀክት ነበር።

ምላሽ 2

ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ስለ ፎርማን የጻፍኩት እውነት ቢሆንም ሙሉ እንዲሆን ሁለት ነገር ጨመሩ፤ ሰውየው ኋላ ላይ በንግግሩ መጸጸቱን፣ በወቅቱ አጥብቆ የተቃወመውም ሙሬይ ቡክቺን ራሱ የሥነ ምህዳር አሳቢ እንደነበረ። ንቅናቄውን በሙሉ በአንድ ሰው አፍ መመዘን እንደማይገባም አሳሰቡ። ጋሼ ያሉትን ተቀብያለሁ፤ ጽንፈኛ ወገን ማለቴም ለዚሁ ነው። ሆኖም ፎርማን የተጸጸተው በአነጋገሩ ነው፤ የሰው ቁጥር ይቀነስ የሚለው መርህ ከስምንቱ ነጥቦች አልወጣም።

ምላሽ 3

ይህ ምላሽ ብዙዎችን አስደንግጧል። ጸሐፊው የደባርቅ ተወላጅ ሆኖ ጅማ በንግድ የሚኖር ሰው ነው። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1978 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ ቦታዎች አንዱ እንደነበር፣ በ1996 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር መግባቱን፣ በ2016 በፓርኩ ውስጥ የነበሩት የግጭ መንደር ነዋሪዎች ተነስተው ወደ ደባርቅ መዛወራቸውን፣ በ2017 ደግሞ ፓርኩ ከአደጋ ዝርዝር መውጣቱን በቅደም ተከተል አስቀመጠ። ከተነሱት መካከል አጎቱ ይገኛሉ። ካሳ ተከፍሏቸዋል፤ ግን ገብስ ሲያበቅሉ የኖሩ ሽማግሌ ከተማ ዳር ባለች ቤት ውስጥ፣ በግ የሚያሰማሩበት ሜዳ ሳይኖራቸው፣ ከገበያ ዱቄት እየገዙ መኖር ጀመሩ። ጸሐፊው ዋልያው በእውነት አደጋ ላይ እንደነበርና ግጦሹም እንደተራቆተ አልካደም። የሚጠይቀው ዋልያውን ለትውልድ ያቆየው ማን ነው የሚለውን ነው፤ ለዘመናት አብረውት የኖሩት እነዚያው ሰዎች በመጨረሻ እንደ ጠላት ተቆጥረው መውጣታቸው ፍትሕ አይደለም ብሎ ጽሑፉን ዘጋ።

ምላሽ 4

እዚህ ላይ የውይይቱ ድምፅ ከረረ። አንድ ተሳታፊ ሦስተኛውን መላሽ በለቅሶ ፖለቲካ ከሰሰና፣ የኢትዮጵያ ደን ከመቶ ዓመት በፊት ከነበረበት 40 በመቶ ወደ 3 በመቶ የወረደው በገበሬው መጥረቢያ ስለሆነ ካለ ኃይል እርምጃ የሚተርፍ ዛፍ የለም አለ።

ምላሽ 5

ይህን ያረመችው በደን ሙያ የሠለጠነች ሴት ናት፤ እርማቷም ያለ ስድብ ነበር። የ40 በመቶው ቁጥር ከአንዱ ዘገባ ወደ ሌላው ሲገለበጥ የኖረ እንጂ የልኬት መሠረት የሌለው መሆኑን፣ የታሪክ ምሁሩ ጄምስ ማካን በ1990ዎቹ ምንጩን ተከታትሎ ባዶ ሆኖ እንዳገኘው አስረዳች። አገሪቱ የደን ትርጓሜዋን ካሻሻለች ወዲህ ለዓለም አቀፍ ተቋማት በ2016 ያቀረበችው ሽፋን ወደ 15.5 በመቶ ነበር። ይህ ማለት ደኑ አልተጎዳም ማለት እንዳልሆነም ወዲያው አስከተለች፤ በደቡብ ምዕራብ ያለው መመንጠር እውነተኛ ነው፤ ነገር ግን በሐሰት ቁጥር ላይ የቆመ ክስ ገበሬውን ወንጀለኛ አድርጎ ሰፋፊ መሬት የወሰደውን ባለሀብት ያስረሳል። ከምላሾቹ ሁሉ ደጋግሜ ያነበብኩት ይህን ነው። ጽንፈኝነት የሚመገበው በእንዲህ ያሉ ማንም በማይመረምራቸው ቁጥሮች ነው።

ምላሽ 6

አንድ የቡና አቅራቢ ወደ ኪሳችን ጉዳይ መለሰን። የአውሮፓ ኅብረት ስለ ደን ምንጠራ ያወጣውን ሕግ የአካባቢ ጥበቃ ጽንፈኝነት ዋና ምሳሌ አድርጎ አቀረበ፤ ከሩብ ሔክታር ቡና የሚለቅም አዛውንት የማሳውን መገኛ ነጥብ (ጂፒኤስ) እንዲያቀርብ መገደዱ የቅኝ ገዢ ሥራ ነው አለ። ቁጣው ይገባኛል፤ ነገር ግን ምሳሌውን እንደዚያ ለመቀበል አልቸኮልኩም፣ ቀጥሎ የመጡት ሁለት ምላሾችም መልክ አስያዙት።

ምላሽ 7

የግብርና ልማት ሠራተኛ ነው፤ ጎማ ውስጥ ማሳ ሲመዘግብ ያጋጠመውን ጽፏል። ስልኩን ይዞ በብርብራና በሳሳ ጥላ ሥር ሲቆም ነጥቡ በካርታው ላይ አንዴ ከወንዙ ማዶ፣ አንዴ ከጎረቤት ማሳ ላይ ያርፋል፤ ገበሬው ከጎኑ ቆሞ ያያል። ዋንዛው ቅርንጫፉን ከፈት ያደረገበት ቦታ እስኪያገኙ ድረስ በቡናው መካከል ሲዘዋወሩ ይቆያሉ። ችግሩ ይህ ብቻ አይደለም። ከሰማይ የሚያነሳው ምስል የጥላ ቡናን ከደን አይለይም፤ ስለዚህ ጥላውን ያልቆረጠ ጥንቁቅ ገበሬ ደን ውስጥ የገባ ሊመስል ይችላል፣ ጥላውን ከዓመታት በፊት የጨረሰው ጎረቤቱ ግን ንጹሕ ሆኖ ይታያል። ይህን የምናውቀው ቡና ውስጥ የምንውል ሰዎች ነን፤ ሕጉ ሲረቀቅ ስንቶቻችን ተጠየቅን?

ምላሽ 8

ስድስተኛውን ምላሽ ያረመው ሰው የሕግ ባለሙያ ይመስላል። ሕጉ በ2023 የወጣ መሆኑን፣ የሚከለክለውም ከዲሴምበር 31 ቀን 2020 በኋላ በተመነጠረ መሬት ላይ የበቀለ ምርትን እንደሆነ፣ ከ4 ሔክታር በታች ለሆነ ማሳ አንድ ነጥብ ብቻ እንደሚበቃና ዙሪያውን መለካት እንደማያስፈልግ አብራራ። የተግባር ጊዜውም አንዴ ወደ 2025 መጨረሻ፣ እንደገና ወደ 2026 መጨረሻ ተገፍቷል። ሕጉ የአውሮፓ የራሷ ፍላጎት በደን ምንጠራው ያለውን ድርሻም ስለሚነካ እንደ ጽንፈኝነት ሊቆጠር አይገባም ባይ ነው።

በዚህ ላይ የራሴን አስተያየት ጨምሬያለሁ። ይህ ሕግ ሊለካ የሚችል ነገር ይጠይቃል፣ ቀን ይቆርጣል፣ ሲከብድ ጊዜው ይራዘማል፤ ይህ ከርዕዮተ ዓለም የሚለየው ባሕርዩ ነው። ጥፋቱ የማረጋገጫው ወጪ በማን ላይ እንደሚወድቅ አለመወሰኑ ነው። ገዢው ለማስረጃው ካልከፈለ ማኅበሩ ይከፍላል፣ ማኅበሩ ከእሸት ቡናው ዋጋ ላይ ይቀንሳል፣ መጨረሻ ላይ የሚከፍለው ደኑን ጠብቆ ያቆየው ሰው ይሆናል።

ምላሽ 9፣ 10 እና 11

ሦስቱም አጫጭር ናቸው። ሁለቱ ስምንተኛውን አመሰገኑ፤ ሦስተኛው የዘንድሮ የጀንፈል (ሳይፈለፈል የደረቀ ቡና) ዋጋ ስንት እንደገባ ጠይቆ ከርዕሱ ውጭ ስለሆነ መልስ ሳያገኝ ቀረ።

ምላሽ 12 እና 13

አሥራ ሁለተኛው መላሽ ስሪላንካን አመጣ። መንግሥቷ በኤፕሪል 2021 የኬሚካል ማዳበሪያ ማስገባትን በአንድ ጊዜ ከልክሎ አገሪቱ ወደ ተፈጥሯዊ እርሻ ትዞራለች ባለ ጊዜ የሩዝና የሻይ ምርት ወደቀ፤ በኖቬምበር እገዳው ተነሳ። ዩሪያ ለማግኘት ከማኅበር በር ላይ ለሚሰለፍ የሰኮሩ በቆሎ አምራች ይህ ታሪክ ማብራሪያ አያሻውም። አሥራ ሦስተኛዋ መላሽ ግን ውሳኔው ንጹሕ ርዕዮተ ዓለም ብቻ እንዳልነበረ፣ የውጭ ምንዛሪ እጥረትም እንደገፋው አስታወሰች። እውነቷን ነው፤ እኔ የማየው ግን ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ነው። ምንዛሪ ያጣ መንግሥት ችግሩን በግልጽ ተናግሮ ደረጃ በደረጃ መቀነስ ይችል ነበር፤ እገዳውን እንደ ጽድቅ ሥራ አድርጎ ለማቅረብ የበቃው ተፈጥሯዊ የሆነ ሁሉ ደግ፣ ከፋብሪካ የወጣ ሁሉ ክፉ ነው የሚለው ስብከት አስቀድሞ ተደላድሎ ስለጠበቀው ነው።

ምላሽ 14 እና 15

አሥራ አራተኛው ይህን የጻፍን ሁላችንንም የኬሚካል ኩባንያ ቅጥረኛ አለን። አሥራ አምስተኛው በምላሹ የተከበሩ ሰው ሊጽፉት የማይገባ ስድብ ጻፉ። ይዘት ስላልነበራቸው አልዘረዝራቸውም፤ በእንዲህ ያለ ጉዳይ ተከራካሪን በገንዘብ የተገዛ ማለት ማስረጃን ላለማየት የተመቸ መንገድ መሆኑን ብቻ እላለሁ፤ ይህም በሁለቱም ወገን ይደረጋል።

ምላሽ 16 እና 17

የወባ ጉዳይ ተነሳ። አሥራ ስድስተኛው መላሽ፣ ዲዲቲ በአካባቢ ተሟጋቾች ግፊት ባይታገድ ኖሮ ወባ ከአፍሪካ ጠፍቶ ነበር ሲል ጻፈ። ጅማ ውስጥ የሚሠሩ የጤና ባለሙያ አስተካከሏቸው። አሜሪካ በ1972 የከለከለችው በዋናነት ለእርሻ የሚውለውን ነበር፤ የ2001ዱ የስቶክሆልም ስምምነት ለወባ መከላከያ የሚሆነውን በልዩ ሁኔታ ፈቅዷል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በ2006 ቤት ውስጥ መርጨትን ደግፏል። በአገራችን ለብዙ ዓመታት ግድግዳ ሲረጭ ኖሮ ትንኟ ስለተላመደችው ወደ ሌላ መድኃኒት ተዞረ። ይህ እርማት አስፈላጊ ነበር። ጽንፈኞችን የምንተች ሰዎች በተረት ከተደገፍን ከነሱ በምን እንለያለን? ባለሙያው እንደ አብነት የሚወሰደው ነገር ልዩ ፈቃዱ ራሱ መሆኑን አከሉ፤ ስምምነቱ ሲዘጋጅ ያለ አንዳች ልዩ ሁኔታ ፍጹም እገዳ ይሁን ያሉ ነበሩ፣ የወባ ሐኪሞች ተከራክረው ነው የተረፈው።

ምላሽ 18

አንድ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ስለ ግልገል ጊቤ ጻፈ። በ2004 ሥራ የጀመረው የመጀመሪያው ግድብ 184 ሜጋ ዋት፣ በ2016 የተመረቀው ጊቤ 3 ደግሞ 1,870 ሜጋ ዋት ያመነጫሉ። የጊቤ 3 ተቃዋሚዎች ዘመቻቸው አበዳሪዎችን እስከ ማራቅ ደርሶ ነበር፤ ግድቡ ባይሠራ ኖሮ ሰዉ በምን ያበስል እንደነበር ግን አልተናገሩም ይላል። የአገሪቱ የኃይል ፍጆታ በአብዛኛው ማገዶ፣ ከሰልና ኩበት ስለሆነ፣ መብራትን መቃወም ሳያውቁት መጥረቢያን መደገፍ ነው የሚለው ክርክሩ ጠንካራ ነው። ጊቤ 3 የተሠራበት የኦሞ ወንዝ የሚገባበት የቱርካና ሐይቅ በ2018 አደጋ ላይ ካሉ የዓለም ቅርሶች ዝርዝር መግባቱን ግን ሳይጠቅስ አለፈ፤ የታችኛው ኦሞ ሰዎች በዓመታዊው ጎርፍ ላይ ተመሥርተው ያርሱ እንደነበርም እንዲሁ። የነዚያ ሰዎች ጥያቄ ጽንፈኝነት አይደለም፤ መሬቱ የራሳቸው ነውና። ከዚህ በኋላ ጽሑፉ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ በ2024 ወደ ተከለከለበት ውሳኔ ዞረ፤ መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ የኤሌክትሪክ መኪና የገዛ ዘመዱ ሌሊት መብራት እስኪመጣ እየጠበቀ ባትሪ እንደሚሞላ ተረከ።

ምላሽ 19

ከተቃዋሚዎቼ ሁሉ የከበደኝን ክርክር ያቀረቡት አንዲት የሥነ ሕይወት መምህርት ናቸው፤ ድምፃቸውም ስለት ነበረው። የዱር አረቢካ ቡና በ2019 ለመጥፋት አደጋ ከተጋለጡ ዝርያዎች ዝርዝር ውስጥ መግባቱን አስታውሰው፣ ጽንፈኞችን መንቀፍ ጅማ ውስጥ ለዝምታ ሽፋን ሆኗል አሉ። የአዌቱን ወንዝ ተሻግረን ስንሄድ በቆሻሻ የታፈነውን ውኃ እናያለን፤ የቦዬ ረግረግ በባሕር ዛፍና በሸክላ ጭቃ ቁፋሮ ሲያልቅ ማንም አልጮኸም። በተለይ ስለ ቡና ማጠቢያ ጣቢያዎች የጻፉት ከኅሊናዬ አይወጣም። በለቀማ ወራት ከጣቢያው በታች ያለው ወንዝ ይጠቁራል፣ ከገለባው ጋር የወጣው ውኃ ይኮመጥጣል፣ ከብቱ አፍንጫውን አስጠግቶ ይመለሳል፤ ውኃ የሚቀዱት ሴቶች ወደ ላይኛው ምንጭ ለመውጣት ይገደዳሉ። ይህን ለመቃወም አርነ ኔስን ማንበብ እንደማያስፈልግ፣ እኔም ስለ ኖርዌይ ፈላስፋ የጻፍኩትን ያህል ስለ ማጠቢያው ውኃ እንድጽፍ ጠየቁ።

መልሴ የሚከተለው ነበር። እትዬ ያሉት ሁሉ ትክክል ነው፤ የኔን ክርክርም ያጸናዋል። የማጠቢያ ጣቢያ ፍሳሽ በጉድጓድ ሊጠራቀም፣ ውኃው ተመልሶ ሊሠራበት፣ ገለባው ብስባሽ ሆኖ ወደ ማሳ ሊመለስ ይችላል፤ ጥፋተኛው ይታወቃል፣ መፍትሔው ይታወቃል፣ የተጎዳውም ሰው አለ። እንዲህ ያለው ሥራ ግን ለዘመቻ አይመችም፤ ማንንም ከምድር ላይ እንዲቀንስ አይጠይቅም፣ ዘመናዊ ኑሮን አይኮንንም፣ ፎቶግራፉም አያምርም። ከሩቅ የሚመጣው ንቅናቄ የቡና ደናችንን በሥዕል ሲያደንቅ ከደኑ ሥር የሚፈሰውን ወንዝ የማያነሳው ለዚህ ይመስለኛል።

ምላሽ 20

በለጠ-ጌራ የሚባለው ደን አካባቢ ልጅ ናት፤ ደኑ ዳር የሚኖሩትን አባቷን ጠይቃ ጽፋለች። በ2003 በጃፓን ዓለም አቀፍ ትብብር ኤጀንሲና በኦሮሚያ በኩል በተጀመረው የአሳታፊ ደን አስተዳደር፣ ነዋሪው ዋቡብ በሚባል የደን አስተዳደር ማኅበር ተደራጅቶ ከመንግሥት ጋር ውል ገባ፤ ደኑን ይጠብቃል፣ በምትኩም ቡናውን ይለቅማል፣ ቀፎውን ይሰቅላል። የደን ቡናው የምስክር ወረቀት ሲያገኝ ከፍ ባለ ዋጋ ተሸጧል። አባቷ ከዚያ በፊት የደን ጠባቂ ሲመጣ ይሸሹ እንደነበር፣ ከውሉ በኋላ ግን መጥረቢያ ይዞ የገባን እንግዳ ራሳቸው አስቁመው እንደሚጠይቁ ነግረዋታል። የዋጋ ጭማሪው በየዓመቱ እኩል እንዳልሆነ፣ ወጣቶቹም መሬት ስለሌላቸው ደኑን በሌላ ዓይን እንደሚያዩት ሳትደብቅ ጽፋለች።

ምላሽ 21

ጡረተኛው መምህር ተመለሱ። በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ ወደ ኢትዮጵያ ገብቶ ቡናውን ሲያጠቁረው ብዙ ገበሬ ቡናውን ነቅሎ ወደ ሌላ ሰብል ለመዞር ተነስቶ እንደነበር ያስታውሳሉ። ተመራማሪዎች በደቡብ ምዕራብ ደኖች ውስጥ በሽታው ያልነካቸውን እናት ዛፎች መርጠው፣ መልኮ ባለው የምርምር ማዕከል ፈትሸው ለገበሬው አደረሱ፤ 74110 እና 74112 የሚባሉት ዛሬ በየማሳው የምናያቸው ከዚያ የወጡ ናቸው። ደኑ ባይኖር ዘሩ አይገኝም ነበር፤ ሳይንሱ ባይኖር ደግሞ ዘሩ ከደኑ ወጥቶ የጎማን ገበሬ አያድንም ነበር። ሁለቱን እንደ ጠላት የሚያይ ትምህርት ለጅማ አይሆንም ሲሉ ጽፈዋል።

ምላሽ 22

የመጨረሻው እስካሁን ድረስ የቡና አቅራቢው ነው፤ በስድስተኛው ቁጥር የተቆጣው። የስምንተኛውን ማብራሪያ ተቀብሎ አንድ ተግባራዊ ጥያቄ አቀረበ፤ ገዢ ነኝ ባይ አካል ከሕጉ አልፎ፣ በማሳው ውስጥ ምንም ዓይነት ጥላ እንዳይገረዝና የተሻሻለ ዝርያ እንዳይተከል የሚል ቅጽ ቢያስፈርመው ምን ያድርግ? የጻፍኩለት እንዲህ ነው። ለእያንዳንዱ ግዴታ ሕጉ ላይ ያለውን አንቀጽ ይጠይቅ፤ ከሕጉ ውጭ ከሆነ የሚፈለገው ጥቅም በምን እንደሚለካና ለገበሬው ስንት ተጨማሪ እንደሚከፈል በጽሑፍ ይስጡት። ጥላ ሳይገረዝ ቡና እንደማያፈራ የሚያውቁ አምራቾችን ይዞ ይቅረብ እንጂ ብቻውን አይፈርም። ቅጹን በማኅበሩ ጉባኤ ፊት በአማርኛና በኦሮምኛ ያስነብበው፤ ገበሬው ሰምቶ እሺ ያላለውን ውል ማንም በስሙ ሊፈርምለት አይችልም።